የልብስ ማጠቢያው ለምን ተሰረዘ?

የእህቴ ልጅ በመጪው ጥር ታገባለች። ባለፈው እሑድ ቤታችን ቡና ተፈልቶ የዕቃ ዝርዝሯ ተነበበ። በደብተር ወረቀት ላይ በእጇ የጻፈችው ነው። አልጋ፣ ፍራሽ፣ ቁም ሣጥን፣ ፍሪጅ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ምድጃ፣ ሶፋ፣ ቲቪ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን። ብሩ ለሁሉም እንደማይበቃ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የሚቀነስ ይፈለግ ተባለ። ፍለጋው ረጅም ጊዜ አልወሰደም። ታላቅ ወንድማችን እስክሪብቶ አነሳና «ይሄ ቅንጦት ነው» ብሎ የልብስ ማጠቢያውን ሰረዘው። 55 ኢንቹን ቲቪ የነካው የለም። ሶፋውንም የነካው የለም።

ልጅቷ ዝም አለች። እናቷም ዝም አለች። እኔም እዚያው ተቀምጬ ዝም አልኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ለዚህ ሰርግ ከማንም በላይ ገንዘቡን የሚያወጣው እሱ ነው። ግን የትኛው ዕቃ ግድ፣ የትኛው ቅንጦት እንደሆነ ለመወሰን አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ያንን ልብስ አጥቦ ስለማያውቅ ነው።

«ቅንጦት» የሚለው ቃል ራሱ ከባድ ነው። ዋጋን ብቻ አይናገርም፤ ጠባይንም ይከስሳል። «ተቀናጣች» ሲባል ሥራ ጠላች፣ ከእናቷ በለጥኩ አለች ማለት ነው። መኪና የገዛ ወንድ «ተለወጠ» ይባላል፣ «እግዜር ይባርክልህ» ይባላል። ማሽን የገዛች ሴት ግን «እጅሽ ምን ሆነ?» ትባላለች። እኔ ራሴ ተብያለሁ። የጠየቀችኝም ሴት ነበረች፣ ዕድሜ ልኳን በእጇ ያጠበች ሴት። እሷን አልፈርድባትም። የለፉበትን ነገር ሌላው ሳይለፋ ሲያገኘው ማየት ቀላል አይደለም።

የወፍጮውን ነገር እናንሳ። እናቴ ያደገችበት ቤት ጓዳ ውስጥ የድንጋይ ወፍጮ ነበር። ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ፣ ጎንበስ ብላ፣ መጁን በሁለት እጇ ይዛ ትፈጭ ነበር። የአንድ ቀን እንጀራ ዱቄት ለማግኘት የሌሊቱ እንቅልፍ ይሄዳል። ጉልበትና ወገብ ይሄዳል። በኋላ የሞተር ወፍጮ መጣ። ሩቅ ቢሆንም ሴቶቹ እህሉን አዝለውም በአህያ ጭነውም ሄዱ። እናቴ እንደምትነግረኝ፣ ያኔም «የማሽን ዱቄት ጣዕም የለውም» የሚሉ አዛውንቶች ነበሩ። ዛሬ ወፍጮ ቤትን ቅንጦት የሚል ሰው አለ? ወፍጮ ቤት የሌለው ሰፈር እኮ ሰፈር አይባልም። ዕቃው ያው ነው፤ ከጊዜ በኋላ የተለወጠው የእኛ ዐይን ነው።

ከዚያ እሑድ ወዲህ አንድ ጥያቄ በጭንቅላቴ ይመላለሳል። ይህ ዕቃ ባይኖር ሥራውን የሚሠራው ማነው? ስንት ሰዓትስ ይፈጅበታል? ለእኔ ግዱንና ቅንጦቱን የሚለየው ይህ ነው፤ ዋጋው ወይም ዘመናዊነቱ አይደለም። ቲቪው ባይኖር ማንም ጎንበስ ብሎ የቲቪውን ሥራ አይሠራም። ዜናውም ድራማውም በስልክ ይታያል። ሶፋው ባይኖር ወንበር አለ፣ መደብ አለ፣ እንግዳም ይቀመጣል። የልብስ ማጠቢያው ባይኖር ግን ልብሱ መታጠቡ አይቀርም። አንድ ሰው ያጥበዋል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ እዚያ ቡና ላይ የነበርን ሁሉ እናውቅ ነበር።

ሙሽሮቹ የተከራዩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። ውኃ በፈረቃ ነው፤ በመጣም ቀን ብዙ ጊዜ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ አይወጣም። ስለዚህ ከታች በጀሪካን ይቀዳል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። አሁን የቅዳሜን አጠባ አስቡት። መጀመሪያ ልብሱ በኦሞ ይዘፈዘፋል። ከዚያ በሳፋ ይታሻል፤ አንገትጌው፣ እጅጌው፣ የሱሪው ጫፍ ለየብቻው። ከዚያ ይለቀለቃል፣ አረፋው ካልጠፋ እንደገና ይለቀለቃል። አንሶላና ብርድ ልብስ ካለ ለብቻዋ የምትጨምቅ ሴት ክንዷ ይዝላል። ልጅ ሲወለድ ደግሞ አጠባው የቅዳሜ ብቻ መሆኑ ያበቃል። የየቀን ሥራ ይሆናል። እያንዳንዱ ሳፋ ውኃ ደግሞ አራት ፎቅ ወጥቶ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ «ውኃ በሌለበት ቤት ማሽን ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ልክ ነው። አውቶማቲኩ ማሽን የቧንቧ ግፊት ይፈልጋል፤ ውኃው መሐል ላይ ሲቋረጥበት ልብሱን ይዞ ይቆማል። ባለ ሁለት ገንዳው ሴሚ አውቶማቲክ ግን ከላይ በጀሪካን ይሞላል። ዋጋውም ዝቅ ይላል። በአንደኛው ገንዳ ያጥባል፣ በሌላው ይጨምቃል። መብራት ቢሄድ ልብሱን አውጥቶ በእጅ መጨረስ ይቻላል። ከዘመናዊው ያነሰ ነው፣ ለእኛ ቤት ግን የተሻለው እሱ ነው። ጀሪካኑን መሸከም አያስቀርም። ማሸቱንና መጭመቁን ያስቀራል። እሱ ብቻ በሳምንት ግማሽ ቀን ነው።

ወደ ምጣዱ ልምጣ። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ማንም አልሰረዘም፤ ደስ ብሎኛል። ግን እሱም ቀላል ታሪክ የለውም። የሦስት ጉልቻ ጢስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዐይን ያቃጥላል፣ ደረት ይዘጋል፣ የታዘለው ሕፃን ሳይቀር ይስላል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የሚነድ እንጨትና ከሰል ጢስ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ገደማ ሰው እንደገደለ ይገምታል። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ሲወርዱ ያየናቸውን እናቶችም አስቡ። ሸክሙ ከነሱ ይበልጥ ነበር። «ምርጥ» ምድጃና «ላቀች» የከሰል ምድጃ የተሠሩት ይህንን ትንሽ ለማቅለል ነው፤ አቅልለዋልም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ጢሱን ጨርሶ ከቤት አወጣው።

ታዲያ ሒሳቡን እንየው። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት ቢጋገር በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። የመብራት ታሪፋችን ለአነስተኛ ተጠቃሚ ያስቀመጠው የመጀመሪያው እርከን 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አያችሁ? አምፖል ሳይበራ፣ ስልክ ቻርጅ ሳይደረግ፣ እንጀራው ብቻ ከእርከኑ ያስወጣናል። ታሪፉን ያወጡት ሰዎች ክፉ አስበዋል አልልም። ግን እንጀራ በዚህ አገር ቅንጦት ካልሆነ፣ እንጀራ የሚጋገርበት መብራትም በግዱ ወገን ሊቆጠር ይገባዋል። የህዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔም እንደ ሰው ሁሉ አልቅሻለሁ። ቦንድ ገዝቻለሁ። ያኔ በልቤ የነበረው ሥዕል ፋብሪካ አልነበረም። ጢስ የሌለበት ማጀት ነበር።

ደግሞ አከራዮች አሉ። የአዲስ አበባ ተከራይ ይህንን ያውቃል። ግቢ ውስጥ ቆጣሪው የጋራ ነው፤ ስለዚህ ውሉ ላይ ባይጻፍም ቃሉ አለ፦ «ምጣድ አይፈቀድም፣ ልብስ በወር ሁለቴ።» ቲቪ ይፈቀዳል። ሙዚቃም ይፈቀዳል። እኔ በተከራየሁባቸው ዓመታት እንጀራ ከሱቅ እየገዛሁ፣ ልብሴን እህቴ ቤት እየወሰድኩ ኖሬያለሁ። ግዱንና ቅንጦቱን የሚለየው ቆጣሪው በስሙ የሆነው ሰው ነበር።

ፍሪጅ ላይ ሐሳቤ ሁለት ነው። እውነቱን ለመናገር የእኛ ማጀት ያለ ፍሪጅ መኖርን ያውቅበታል። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ቋንጣው፣ የተነጠረው ቅቤ፣ ሁሉም ሳይበላሽ እንዲቆይ ታስቦ የተሠራ ነው። በሁዳዴ የብዙ ቤት ፍሪጅ ውኃና ቲማቲም ብቻ ይዞ ይከርማል። ስለዚህ ለባልና ሚስት ብቻ ከሆነ፣ አንድ ዓመት ቢቆይ ምንም አይደለም እላለሁ። የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ግን ሌላ ነው። ኢንሱሊንን እርጥብ አሸዋ ባለበት ሸክላ ውስጥ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ። ይህ ብልሃት ነው፣ ጭንቅም ነው። የምታጠባ እናትም አለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት 90 ቀን ነው። በ91ኛው ቀን ቢሮ ትገባለች፣ ወተቷ ግን ቤት መቆየት አለበት። ለእሷ ፍሪጅ ከአልጋ ይቀድማል። አንዱ ዕቃ ለአንዱ ቤት ቅንጦት፣ ለጎረቤቱ ግድ ይሆናል። የሌላውን ዝርዝር በአንድ ጭረት መሰረዝ ልክ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ማይክሮዌቭ፣ ጁስ መፍጫ፣ የውኃ ማቀዝቀዣ፣ እነዚህ ቢቀሩ ማንም ወገቡን አይታመምም። ይቅሩ።

መንግሥትም በዚህ ነገር ውስጥ አለበት። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 መግቢያው ላይ ታክሱ የሚጣለው በቅንጦት ዕቃዎችና ዋጋቸው ቢጨምርም ተፈላጊነታቸው በማይቀንስ መሠረታዊ ዕቃዎች ላይ ነው ይላል። ዝርዝሩ ውስጥ የቤት ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበር። እኔ በመሠረታዊ ዕቃነት የተቀመጠ አይመስለኝም። ያ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1186 ተተክቷል። የወንድሜ እስክሪብቶ ግን አሁንም በዚያ አሮጌ መንፈስ ነው የሚሰርዘው።

አንድ የምፈራው ጥያቄ አለ። በብዙ ቤት የማሽኑን ሥራ የምትሠራው ሚስት አይደለችም፤ ከገጠር የመጣች ልጅ ነች። እሷ ባለችበት ቤት ምንም ዕቃ ግድ አይመስልም። ሁሉም በእጇ ይሠራልና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም፤ ጉዳያቸውን ወደፊት ለሚወጣ ደንብ ትቶታል። የሥራ ሰዓቷን የሚቆጥር ሕግ ስለሌለ ሰዓቷ ነፃ መስሎ ይታየናል። የእሷን ድካም ቆጥረን ብናውቅ ኖሮ ማሽኑ ዱሮ ይገዛ ነበር። ቅዳሜዋን ብታገኝ ታርፋለች፣ የማታ ትምህርቷንም ሳታንቀላፋ ትማራለች። ግን በየቤቱ እየዞሩ በቀን ክፍያ ልብስ የሚያጥቡ እናቶችም አሉ። ማሽኑ የነሱን እንጀራ ይወስዳል። ይህንን ቀላል ነው ብዬ አላልፈውም። የኛን ቤት ስታጥብ የኖረችው ሴት ጣቶቿ በብርድና በኦሞ ተሰነጣጥቀዋል፤ ሥራው እንዲቀጥልም እንዲቆምም እኩል እመኛለሁ። ማሽን ከገዛን በኋላ አሁንም ትመጣለች፣ ማሽኑን የምታሠራው እሷ ነች፣ ክፍያዋም አልተቀነሰም። ሁሉም ቤት ይህን ያደርጋል ብዬ ግን አልዋሽም።

ረቡዕ ዕለት ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «አንድ ቅዳሜ ብቻ ከልጅቷ ጋር እጠብ፣ ከዚያ ሰርዝ» አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ዝም አለ። ከዚያ «እስቲ ዋጋውን ጠይቂ» አለኝ።

ከልጅቷ ጋር መርካቶ ወረድን። 55 ኢንቹ ቲቪ ወደ 32 ቢወርድ፣ የሚተርፈው ብር ባለ ሁለት ገንዳውን ማሽን ሊገዛ ትንሽ ብቻ ይጎድለዋል። የጎደለውን እኔ እጨምራለሁ። እሷ የማሽኑን ወርድ በስንዝር ለካች። ሻወር ቤቱ ውስጥ፣ ከሮቶው አጠገብ፣ ሦስት ስንዝር ተኩል ቦታ አለ አለችኝ። ቦታውን አስቀድማ ለክታው ነበር።