«ያንን ክኒን ተወው»

እህት ከዲሲ መጥታለች። ለወንድሟ ካመጣችለት ግማሹ ቫይታሚን ነው፦ ቫይታሚን ዲ፣ ኦሜጋ ሦስት፣ ቢጫ አበባ የተሳለበት የዕፅዋት እንክብልም አለ። ወንድሟ የድባቴ መድኃኒት ይወስዳል።

«ያንን ክኒን ተወው፤ ይሄ ተፈጥሮ ነው» ትለዋለች።

ጎረቤታቸው፣ ጡረተኛ መምህር፣ ሳቁ። «ጤፍ እየበላ፣ ፀሐይ እየሞቀ ምን ጎደለው? ንግድ ነው ይሄ!»

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምንድነው እንዲህ የሚደክመው? ይረሳል። እጁንም ይደነዝዘዋል እኮ!»

አብራን ቡና የምትጠጣው ነርስ ባለአበባውን ብልቃጥ አንስታ አነበበች። ሴንት ጆንስ ዎርት ነው። «ይሄማ ከክኒኑ ጋር አይገጥምም። ሴሮቶኒን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል ከልክ በላይ ሊያንረው ይችላል» አለች። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረች። «ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ትበላለህ?»

በፍስኩም ትቶታል፤ ዓመታት ሆኖታል።

«በል ቫይታሚን ቢ 12 አስለካ።»

«ከነጤፉ?» አሉ መምህሩ።

«አዎ ጋሼ፣ ከነጤፉ። ቢ 12 ጤፍም ሽሮም ጎመንም ውስጥ የለም። ከእንስሳት ነው የሚገኘው። ጉበት ለዓመታት ስለሚያጠራቅመው የሁዳዴ 55 ቀን ብቻውን አያሟጥጠውም። ሲያልቅ ግን ድካም፣ መርሳት፣ መደንዘዝ ያመጣል፤ ስሜትንም ያወርዳል።»

እህት ቫይታሚን ዲውን ይዛ አልለቅም አለች። እኔ ግን እዚህ ላይ አልደግፋትም። አሜሪካ ውስጥ ከ18 ሺህ በላይ ሰዎች፣ ሁሉም 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ለአምስት ዓመት ያህል ቫይታሚን ዲ ወይም መድኃኒትነት የሌለው እንክብል ሲወስዱ ቆይተው ውጤቱ በ2020 ወጣ። ድባቴን በመከላከል ረገድ ልዩነት አልታየም። ምግቡን ግን መምህሩ ከገመቱት በላይ አከብረዋለሁ። በ2017 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ድባቴ ያለባቸውን ሰዎች አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት ላይ አተኩረው ለ12 ሳምንት እንዲመገቡ አድርጎ፣ አንድ ሦስተኛው ያህል ከድባቴው ወጥተዋል። በምግቡ ፋንታ የወዳጅነት ጨዋታ ካገኙት ግን የወጡት 8 በመቶ ናቸው። ተሳታፊዎቹ 67 ብቻ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ሌላ ሕክምና ላይ ነበሩ።

ስለዚህ እኔ ከነርሷ ጋር ነኝ። ደሙ ይታይ፤ ቢ 12 ጎድሎ ከተገኘ በእንክብልም በመርፌም ይሞላ። ክኒኑን ግን ያዘዘለት ሐኪም ተው እስኪለው አይንካው።