«ጋሼ፣ ያንተ መጥቷል!»

እንግዲህ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። አስቀድሜ ራሴን ተቆጥቼ ስለጨረስኩ ማንም አይቀየመኝ።

ስታዲየም አካባቢ መጽሐፍ የሚያዞር አንድ ልጅ አለ። ከእምብርቱ እስከ አገጩ የሚደርስ ቁልል ታቅፎ ነው የሚውለው። ደንበኞቹን በስም አያውቀንም። በምንገዛው ነው የሚለየን። መነጽር የሚያደርጉት ሽማግሌ «ታሪክ» ናቸው። ባንክ ቤት የምትሠራው ልጅ «ሳይኮሎጂ» ናት። እኔ «ፖለቲካ» ነኝ። ገና ከታክሲ ስወርድ ያየኝና ከቁልሉ መሀል አንዱን በሁለት ጣቱ መዞ «ጋሼ፣ ያንተ መጥቷል!» ይለኛል። ለዓመታት ይህን ስሰማ ደረቴ ይነፋ ነበር። የታወቅሁ አንባቢ ነኛ!

ባለፈው ክረምት ጣሪያዬ አፈሰሰና የመጽሐፍ መደርደሪያውን ማራገፍ ግድ ሆነ። መጻሕፍቱን አልጋ ላይ በየዓይነታቸው ልለያቸው ብዬ ጀመርኩ። ዓይነት የሚባል ነገር የለም። የ1953ቱን የታኅሣሥ ግርግር የሚተርክ ብቻ ስድስት መጽሐፍ ተገኘ። ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ እኔ ቤት ስድስት ጊዜ ተነሥተው ስድስት ጊዜ ከሽፎባቸዋል። ስድስተኛውን የገዛሁት ምናልባት በዚህኛው ይሳካላቸው እንደሆን ብዬ ነው መሰለኝ። የቀሩትም ያው ናቸው። የተማሪዎች ሰልፍ፣ የ66ቱ አብዮት፣ ኢሕአፓና መኢሶን፣ እስር ቤት፣ ሱዳን፣ ከዚያ አሜሪካ። ባለታሪኩ ይለወጣል እንጂ መንገዱ አንድ ነው። ሁለቱን ደግሞ ማንበቤን ረስቼ በድጋሚ ገዝቻቸዋለሁ። ባለቤቴ መንታዎቹን ጎን ለጎን ይዛ መጥታ «የዚህኛው መጨረሻው ይለያል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወገኖቼ፣ እናንተስ ቤት ጣሪያው ቢያፈስ ምን ይገኛል?

ባለ ሳይኮሎጂዎች፣ ከእናንተ ልጀምር። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥ የሚል መጽሐፍ አንብባችሁ ትጨርሱና፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥ የሚል ሌላ መጽሐፍ ትገዛላችሁ። የመጀመሪያው ነግሯችኋል እኮ! ወይ ተነሡ፣ ወይ አርፋችሁ ተኙ። ሠላሳ መጽሐፍ ሙሉ ስለ ራሳችሁ አንብባችኋል። ስለ ጎረቤታችሁ ያነበባችሁት ስንት ገጽ ነው?

ባለ ታሪኮች ደግሞ ልብወለድ ሲባል ፊታችሁን ታጨማድዳላችሁ። «የፈጠራ ወሬ ለማንበብ ጊዜ የለኝም» የሚል አንድ ወዳጅ አለኝ። የአድዋን የጦር አሰላለፍ መዳፉ ላይ በጣቱ ይስልላችኋል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ግን በስማቸው ብቻ ነው የሚያውቃቸው። ይህንንም ኮራ ብሎ ነው የሚናገረው። ባላባትና ገበሬ ባንድ አገር እንዴት እንደኖሩ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት አስበልጦ የሚያሳይ የታሪክ መጽሐፍ ካለህ አምጣ ብለው፣ ወሬውን ወደ እግር ኳስ አዞረው።

ልብወለድ ብቻ የምታነቡትም አትሳቁ። ግጥም ሲሰጧችሁ «አይገባኝም» ብላችሁ የምትመልሱ እናንተው ናችሁ። ስንቴ ሞክራችሁ ነው ያልገባችሁ?

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። እሱን በሳቅ አላልፈውም። መጽሐፍ አንስታችሁ መጀመሪያ የደራሲውን ስም ከነአባቱ የምታጣሩ አላችሁ። የማን ወገን ነው? ከየት ነው? እነማን አመሰገኑት? ስሙ ካልጣማችሁ መጽሐፉን እንደ ትኩስ ድስት መልሳችሁ ታስቀምጣላችሁ። ማታ ግን ያንኑ ያልገለጣችሁትን መጽሐፍ ፌስቡክ ላይ ስትዘረጥጡ ታመሻላችሁ። ዳኛ እንኳ ከመፍረዱ በፊት የከሳሽንም የተከሳሽንም ቃል ይሰማል። እኛ የተከሳሹን ስም ጠይቀን ፍርዱን አንብበን እንወጣለን። ውጭ አገር ያላችሁትም በዚህ ከእኛ አትሻሉም። ከዋሽንግተን ለሚመጣ ዘመድ «ስትመለስ መጽሐፍ አምጣልኝ» ብላችሁ የምትልኩት ዝርዝር፣ ሲያስቆጣችሁ የከረመው ሰው ጠላቶች የጻፉትን መጽሐፍ ብቻ የያዘ ነው። ኧረ በሕግ!

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ተረት ለትዳርና ለሹመት ያገለግል ይሆናል። ለመጽሐፍ ግን አይሠራም። መጽሐፍ እኮ አይነክስም። ካልጣማችሁ ትዘጉታላችሁ፤ በቃ።

የቅኔ ተማሪን አስቡት። ደበሎውን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ ከውሻ እየታገለ ቁራሽ እየለመነ ነው የሚማረው። ዋሸራ ተቀምጦ ቅኔ ከተቆጠረለት፣ መምህሩም «በቃህ» ካሉት ወደ ቤቱ ቢሄድ ማን ይከለክለዋል? ግን አይሄድም። ጎንጅ ደግሞ በሌላ መንገድ ያስተምራሉ ሲሉት ይነሣል። ዋድላ ሌላ አለ ሲሉትም ይነሣል። ወንዝ ተሻግሮ፣ ወባ ታሞ፣ በማያውቀው አገር ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ። አንዱን ቤት ስለናቀ አይደለም። የሌላውን ቤት መንገድ ሳያይ አዋቂ መባል ስለሚያሳፍረው ነው። እኛ ደግሞ ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው ሦስት እርምጃ መራመድ አቅቶናል።

በእኛ ልጅነት መምረጥ የሚባል ቅንጦት አልነበረም፤ ለካስ ይህም ጥቅም ነበረው። ሰፈራችን ውስጥ መጽሐፍ የሚያከራይ ሱቅ ነበር፤ በቀን በሳንቲም። የፈለግነው ሰው እጅ ላይ ከሆነ ያለውን ይዘን እንሄዳለን። በዚህ ዓይነት የስለላ መጽሐፍ ፍለጋ ሄጄ የሩሲያ ልብወለድ ይዤ ተመልሻለሁ። የሰዎቹ ስም ረዝሞብኝ በእርሳስ እየጻፍኩ እንዳነበብኩት ትዝ ይለኛል። ሬዲዮውም ቢሆን ምን ትወዳለህ ብሎ አይጠይቅም ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ እናቶች ወጥ እያማሰሉ፣ ዘበኛው በር ላይ ቆሞ፣ ማንበብ የማይችለውም ከሚችለው እኩል ይሰማ ነበር። ልብወለድ አልወድም ብሎ ከቤት የወጣ ሰው አላየሁም።

አሁን ስልካችን ባሰበት። አንድ ቪዲዮ ካያችሁ የዚያኑ ወንድም ያመጣላችኋል፤ ቀጥሎ የአጎቱን ልጅ። እሱም እንደ አዟሪው «ያንተ መጥቷል» ነው የሚላችሁ። ቴሌግራም ላይ ያከማቻችሁትን አራት መቶ ፒዲኤፍ እንኳ ብትከፍቱት አንድ ዓይነት ነው። ደግሞ አትከፍቱትም።

ገጣሚውን ነቢይ መኮንንን አስታውሱ። በደርግ ጊዜ ሲታሰር እስረኞቹ እጅ የገባው የማርጋሬት ሚቼል ልብወለድ ነበር። ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሚያወራ፣ ባለታሪኳ የጥጥ እርሻና ባሪያዎች ካሉት ቤት የተወለደች ቅምጥል ልጅ የሆነች። እስቲ አስቡት። በግራ ፖለቲካ የታሰረ ወጣት በሞላበት እስር ቤት ውስጥ የባሪያ አሳዳሪ ልጅ የፍቅር ታሪክ! ከዚህ የራቀ መጽሐፍ ከየት ይመጣል? ነቢይ ግን ተረጎመው። ወረቀት ስላልነበረ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ፣ በደቃቅ ጽሑፍ። ቁራጩ 3 ሺህ ገደማ ደረሰ። የሚፈቱ ጓደኞቹ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ እየደበቁ አወጡለት። ከዓመታት በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። እኛ ደግሞ በነፃነት ሱቅ ገብተን፣ ወረቀቱ ነጭ፣ መብራቱ ደማቅ ሆኖልን፣ «ይሄ የእኔ ዓይነት አይደለም» እንላለን።

«የእኔ ዓይነት» ብለን ባጠርነው አጥር ውጭ ምን እንደቀረ ላሳያችሁ። ስለ ጣልያን አሥር መጽሐፍ ያነበባችሁ አላችሁ። ዶጋሊ፣ አድዋ፣ ማይጨው፣ የአርበኞች ተጋድሎ። ጥሩ ነው። ለመሆኑ ጣልያን ኤርትራውያንን ወታደር አድርጎ ሊቢያ ወስዶ፣ ለአገራቸው ከሚዋጉ አረቦች ጋር እንዳዋጋቸው የሚተርከውን ልብወለድ ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? አባ ገብረየሱስ ኃይሉ በትግርኛ የጻፉት በ1927 እ.ኤ.አ. ነው። «ሓደ ዛንታ» ይባላል። አሥመራ ላይ የታተመው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው። በአድዋና በማይጨው መሀል ቆሞ፣ ለቅኝ ገዢው ጠመንጃ የተሸከመውን ጥቁር ሰው ከውስጡ የሚያሳይ መጽሐፍ ነው። ባለታሪኩ ከበረሃው ሲመለስ ቤቱ ምን እንደጠበቀው አልነግራችሁም። ፈልጋችሁ አንብቡት። ትግርኛው ከከበዳችሁ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል።

ወይም ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምን ውሰዱ። ስለ ጉራጌ መንደር ሕይወት የጻፈውን ታሪክ መጀመሪያ ያሰፈረው ከጉራጌ ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በቸሃ ነው። የሴም ቋንቋዎች ሊቁ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መለሰውና በ1964 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ታተመ። ፈረንጅ ያነበበውን የጎረቤታችንን መንደር እኛ አናውቀውም። ከጉራጌ ሱቅ ስኳር ስንገዛ አድገን!

«መጽሐፍ ተወዷል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ የዛሬው ዋጋ ያስደነግጣል። ሰው ባልሞከረው ነገር ላይ ብሩን ለመጣል ቢፈራ አልፈርድበትም። ግን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ ነው ያለው፤ ገብቶ ለማንበብ አይከፈልም። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክርም አለ። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትም አልጠፉም። ከሁሉ የሚቀለው ደግሞ መለዋወጥ ነው። ከወዳጃችሁ ጋር ሳይሆን ከማትመስሉት ሰው ጋር። መሥሪያ ቤት ውስጥ በነገር ሁሉ የማትስማሙት አንድ ሰው አይጠፋም። «የምትወደውን አንድ መጽሐፍ አውሰኝ» በሉት። ይደነግጣል። ምናልባት የሚያዋጋችሁ ነገር ይቀንስ ይሆናል፤ ባይቀንስም በተሻለ ነገር ትጣላላችሁ።

እኔ ጣሪያዬን ካስጠገንኩ በኋላ ስታዲየም ሄድኩ። ልጁ እንደለመደው ከቁልሉ ሊመዝ ሲል እጁን ያዝኩት። «የእኔን ተወው» አልኩት። «ማንም የማይገዛህን ስጠኝ»።

«ጋሼ ትቀልዳለህ?»

«አልቀልድም»።

ቁልሉን አስፋልት ዳር አወረደና ከታች ከታች ፈለገ። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣ የንብ እርባታ መመሪያ አወጣ። «ይሄን ካገኘሁት ሁለት ዓመት አልፎታል። ስንት ልበልህ?» ብሎ ሳቀ። በ60 ብር ተስማማን።

ሦስት ቀን አስቀምጬ አራተኛው ቀን መብራት ሲጠፋ በሻማ ጀመርኩት። እናንተ ሰዎች! እኔ ባነበብኳቸው የፖለቲካ ትዝታዎች ሁሉ መንግሥት በወደቀ ቁጥር አገሩ «አውራ እንደሌለው ንብ» ይሆናል። አባባሉን ስንት መቶ ጊዜ እንዳየሁት እንጃ። እኔም በአፌ ሳዘወትረው ኖሬያለሁ። አውራ ማለት ጎልማሳ ወንድ፣ አዛዥ፣ ፊት መሪ ነበር የሚመስለኝ።

አውራዋ ሴት ናት። የቀፎው ሁሉ እናት። አታዝም፤ ሥራዋ እንቁላል መጣል ነው። ወንዶቹ ድንጉላ ይባላሉ፤ ማር አይሠሩም፤ ምግብ ሲያጥር ሠራተኞቹ እየገፉ ከቀፎ ያስወጧቸዋል። (ይህን ገጽ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ በማንበቤ ተጸጽቻለሁ።) አውራዋ ድንገት ብትሞትስ? እዚህ ላይ ሻማውን ወደ መጽሐፉ አስጠጋሁት። ንቦቹ መጀመሪያ ይታወካሉ፤ ይጮኻሉ። ከዚያ ከተራ ሠራተኛ እጮች መሀል ገና ጥቂት ቀን የሆናቸውን ይመርጣሉ። ማደሪያቸውን ያሰፉላቸዋል። ከራሳቸው የሚያመነጩትን ነጭ ምግብ አብዝተው ያበሏቸዋል። ያው ተራ ሠራተኛ ትሆን የነበረች እጭ በምግቡ ምክንያት አውራ ሆና ትወጣለች። እንቁላሉ ከተጣለ አንሥቶ 16 ቀን ገደማ ነው የሚፈጀው። ቀፎው የሚጠፋው አውራ ስላጣ ብቻ አይደለም። የሚያሳድገው ለጋ እጭም ካጣ ነው።

ስድስቱ የታኅሣሥ ግርግር መጻሕፍት ከፊት ለፊቴ መደርደሪያው ላይ ነበሩ። ሻማው እስኪያልቅ አየኋቸው።

ትናንት ከታክሲ ስወርድ ልጁ ከሩቅ አየኝ። እጁ እንደለመደው ወደ ቁልሉ ሄደ። ቆመ። አንዱን ሊመዝ ጀምሮ ተወው፤ ሌላውን ነካ፤ እሱንም ተወው። ከዚያ ቁልሉን እንዳለ ይዞልኝ መጣ።