የእጅ መደንዘዝ ሁሉ ከአንገት አይደለም

ስለ እጅ መደንዘዝ የጻፋችሁት ጽሁፍ አሪፍ ነው ግን እጅ ከደነዘዘ የአንገት ዲስክ (በአንገት አጥንቶች መሀል ያለው ትራስ ነርቭ ሲጫን) ነው ብሎ መደምደሙ አልተመቸኝም። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛው ጣት ነው ብዬ ነው። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ የመሀል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሹ ሆኖ ትንሿ ጣት ደህና ከሆነች ለነዚህ ጣቶች ስሜት የሚሰጠው ሚዲያን የሚባል ነርቭ የእጅ አንጓ ላይ ተጨንቆ ሊሆን ይችላል፣ እዛ ካርፓል ተነል የሚባል ጠባብ መተላለፊያ አለ 9 ጅማት ከነርቩ ጋር ተጋፍቶ የሚያልፍበት፣ ትንሽ ካበጠ የሚጎዳው ነርቩ ነው። አንዷ ሹሩባ ሰሪ "ሌሊት ያባንነኛል፣ እጄን ሳራግፈው ይለቀኛል" ስትለኝ ግማሹን ምርመራ እሷው ጨረሰችልኝ። ከአውራ ጣቷ ስር ያለው የመዳፏ ቆዳ ግን አልደነዘዘም፣ ለሱ የሚሄደው የነርቩ ቅርንጫፍ በመተላለፊያው ውስጥ አያልፍማ (ይሄ ነገር ሁሌ ደስ ይለኛል)። ትንሿ ጣት ከሆነች ደሞ በክርን አልፎ ወደሷ የሚሄደው አልናር የሚባል ነርቭ ክርን ላይ ይታይ፣ ክርን አጥፎ ስልክ ላይ ብዙ ማውራት ያባብሰዋል። የአንገት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ህመሙ ከአንገት ወደ ትከሻና ክንድ ይወርዳል፣ አንገት ሲያዞሩም ይነሳል። እና እባካችሁ ሰው ሁሉ ኤምአርአይ ፍለጋ እንዳይሮጥ፣ ዋጋውን ታውቁታላችሁ። እርጉዞች ላይም የአንጓው ነርቭ መጨነቅ ይበዛል፣ ከወለዱ በኋላ ብዙዎቹን ይለቃቸዋል፣ ይሄንንም ብትጨምሩበት።