ትርፍ ኃይል የሚባለው ከማን የተረፈ ነው?

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በነሐሴ 2017 ለአዳዲስ የዳታ ማይኒንግ ኩባንያዎች፣ ማለትም በኮምፒውተር ማሽኖች ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለሚያመርቱት፣ ፈቃድ መስጠት ማቆሙን ሲያስታውቅ፣ የሰጠው ምክንያት ለእነርሱ የሚሆን አቅም ከእንግዲህ የለም የሚል ነበር። ውሳኔውን ደግፌ ዝም ማለት እችል ነበር፤ ምክንያቱን ስሰማ ግን ደሜ ፈላ። ለእነዚህ ኩባንያዎች ኃይል በዚህን ያህል ርካሽ ዋጋ ለምን ይሸጣል ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር ለዓመታት የተነገረን መልስ፣ አገሪቱ የምትሸጠው ትርፍ ኃይሏን ብቻ ነው የሚል ነበር። ትርፍ የተባለው ነገር ዛሬ አለቀ ከተባለ፣ ሲጀመርም ትርፍ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ሊደርሰው የሚገባ ኃይል ነበር። ቀድመው የገቡት ደግሞ በያዙት ይቀጥላሉ።

ሽያጩን ለመደገፍ ከሚቀርቡት ሐሳቦች ሁሉ ደካማው፣ ያልተሸጠ ኃይል ያው ይባክናል የሚለው ነው። ይህን በልበ ሙሉነት የሚናገሩ ሰዎች ሲገጥሙኝ ስለ የትኛው አገር እንደሚያወሩ ግራ ይገባኛል። የእኛ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የሚመነጨው በግድብ ከተጠራቀመ ውኃ ነው። ነፋስ ሲነፍስ ካልተጠቀሙበት ያልፋል፤ በግድብ የቆመ ውኃ ግን በጎተራ እንዳለ እህል ነው፤ ዛሬ ካላወጡት ለነገ ይቆያል። የሕዳሴው ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ ተደርጎ ሲሠራ፣ አንዱ ዓላማ የክረምቱን ውኃ ለበጋ ማሻገር ነው። ጎተራው ስለሞላ ብቻ እህሉን በገለባ ዋጋ የሚሸጥ ገበሬ የለም፤ ሐምሌና ነሐሴ እንዴት እንደሚያልፉ ያውቃልና።

እኛም የራሳችንን ክፉ ወር አይተናል። በግንቦት 2011 የግልገል ጊቤ ሦስት ውኃ ወርዶ የ476 ሜጋ ዋት ጉድለት ተፈጠረና አገሩ ሁሉ ፈረቃ ገባ። ለሱዳን የሚላከው ኃይል ተቋረጠ፣ ለጅቡቲ የሚላከውም ተቀነሰ። በዚያ ሰሞን የሰፈራችን ፈረቃ ጠዋት በሚሆንበት ቀን፣ እናቴ መብራት ሳይሄድ ለመድረስ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ እንጀራ ትጋግር ነበር፤ ሳትነቃ የቀረች ዕለት ያቦካችው ሊጥ ኮምጥጦ ተደፍቷል። ጉድለቱ በመጣ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው የእርሷ ምጣድ መሆኑን ያየ ሰው፣ ስለ ትርፍ ሲነገረው በቀላሉ ሊያምን አይችልም።

በክረምት ግድቦቹ ጢም ብለው ውኃው በማስተንፈሻ በሚፈስበት ጊዜ፣ ኃይል ሳያመነጭ የሚያልፈው ውኃ በእርግጥ ጥፋት መሆኑን አምናለሁ። ነገር ግን በክረምት ብቻ የሚሠራ የቢትኮይን ማሽን የለም። ማሽኑ ቶሎ ያረጃል፤ ባለቤቱም ያወጣበትን ገንዘብ ለመመለስ ሌት ተቀን፣ ክረምት ከበጋ ሊያሠራው ይፈልጋል። እነዚህ ኩባንያዎች በአንድነት የሚወስዱት ኃይል ወደ 600 ሜጋ ዋት እንደሚጠጋ ተዘግቧል። ግልገል ጊቤ አንድ 184፣ ግልገል ጊቤ ሁለት ደግሞ 420 ሜጋ ዋት ነው። አገሪቱ በብድርና በላብ የገነባቻቸው ሁለት ማመንጫዎች ተደምረው የሚሰጡትን ያህል፣ ትርፍ በሚል ስም ለማሽኖቹ ሰጥተናል ማለት ነው።

ትርፍ የሚባለው እንዴት እንደሚፈጠር በቅርብ ያየሁት ወላይታ ውስጥ ነው። ከሶዶ ተነሥቶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ከሚያልፍበት አቅራቢያ፣ ማማዎቹ ከደጃፉ የሚታዩት አንድ ወፍጮ ቤት አለ። ወፍጮው የሚሠራው በናፍጣ ነው። ግድግዳው በጭስ ጠቁሯል፤ ሴቶቹ በቆሏቸውን ይዘው በሰልፍ ተቀምጠው ባለቤቱ ናፍጣ ይዞ ከከተማ እስኪመለስ ይጠብቃሉ። መብራት እንዲገባለት ካመለከተ ዓመታት ማለፋቸውን ነገረኝና ወደ ማማው እያመለከተ፣ «ልጄ፣ ይህ እኛን አልፎ ነው የሚሄደው» አለኝ። ከዚህ ዓይነት መስመር ላይ እንጨት ተክሎ ሽቦ መሳብ እንደማይቻል አስረዳሁት፤ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ዝቅተኛ መስመር፣ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል አልኩት። አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ እነዚያስ ታዲያ መቼ ነው የሚሠሩት ብሎ ጠየቀኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። ኃይሉ የተረፈው ፈላጊ አጥቶ ሳይሆን ወደ ፈላጊው የሚያደርሰው መስመር ስላልተዘረጋ ነው። ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው ዛሬም ኤሌክትሪክ የለውም፤ አብዛኛው ቤት የሚያበስለው በማገዶ፣ በከሰልና በኩበት ነው። መስመሩ የደረሰላቸውም ቢሆኑ ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲጥድ አምፖሉ እንደ ፍም ይቀላል፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር የተቃጠለ ዕለት ደግሞ ስንት ቀን በጨለማ እንደሚታደር የሚያውቅ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ አገር ትርፍ ኃይል አለኝ ማለቱ፣ ልጆቹ ሳይበሉ ያደሩበት ቤት ድስቱ ውስጥ ምግብ ተርፏል እንደ ማለት ነው። ጭልፋ ስላልገዛን የቀረውን ትርፍ ልንለው አይገባም።

ዋጋውም ሌላ ቁጭት ነው። ለኬንያ በ25 ዓመት ውል የሚሸጠው ኃይል ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ሲሆን፣ ለማይኒንግ ኩባንያዎቹ የተሰጠው ዋጋ 3.14 ሳንቲም ገደማ ነው። ጎረቤት የሚከፍለውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በዚያው ጊዜ የአገር ውስጡ ታሪፍ ከ2017 መግቢያ ጀምሮ ለአራት ዓመታት በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል ተወስኗል። የቤት ታሪፋችን ዝቅተኛ ሆኖ መቆየቱን አልክድም፤ ማስተካከያም ያስፈልገው ይሆናል። ነገር ግን የወር ደመወዙን ለግድቡ የሰጠውን፣ ቦንድ የገዛውን፣ በ8100 አጭር መልእክት ሲልክ የኖረውን ሕዝብ ትክክለኛውን ዋጋ ክፈል የሚል ተቋም፣ ለአንድ መጋዘን ሙሉ ማሽን ሲሆን ስለ ትክክለኛ ዋጋ መጨነቁን ለምን እንደሚተው ሊያስረዳን ይገባል።

የውጭ ምንዛሪ ያስገኛሉ ይባላል። ያስገኛሉ። የማልቀበለው፣ ይህ ቃል በተነሣ ቁጥር ጥያቄው ሁሉ እንዲዘጋ መፈለጉን ነው። የተገኘው ዶላር ስንት ትራንስፎርመር፣ ስንት ቆጣሪ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ዝቅተኛ መስመር እንደሆነ ተቆጥሮ ለሕዝብ ይቅረብ። የሽያጭ ውሎቹ መቼ እንደሚያበቁ ይገለጽ። የሚያበቁትም በዚያው ዋጋ እንዳይታደሱ፣ የሚለቀቀው እያንዳንዱ ሜጋ ዋት በየትኛው ወረዳ፣ ለየትኛው ወፍጮና ለየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚውል አስቀድሞ ይወሰን። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ከተመረቀ ወዲህ አገሪቱ እስከ 5,150 ሜጋ ዋት ሊያመነጭ የሚችል ጣቢያ በእጇ ገብቷል፤ ከዚህ ላይ አንዲት ሜጋ ዋት ትርፍ ናት ተብላ ለሽያጭ ከመቅረቧ በፊት፣ የዚያ ወፍጮ ቤት ማመልከቻ ከተቀመጠበት ወጥቶ መልስ ያግኝ።