እቁቡን ሳያጓድል የሚጥል ሰው ሰነፍ አይባልም

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ እየተቀባበልነው ነው። ቦታው የሆቴል አዳራሽ ነው። ማይክ የያዘ አነቃቂ ተናጋሪ፣ ቴሲሳቸውን (የመመረቂያ ጥናታዊ ጽሑፋቸውን) ሳይጨርሱ ዓመታት ያለፉባቸው የማስተርስ ተማሪዎች ላይ ይወርድባቸዋል። "ያልጨረሰ ያልፈለገ ነው" አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። "ስኬታማ ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳል" አለ። ደግሞ ተጨበጨበ። መጨረሻ ላይ "ለራሳችሁ አትራሩ" ብሎ ዘጋ፤ እዚህ ላይማ ከወንበራቸው ተነስተው ነው ያጨበጨቡት። ስሙን አልጠራም፤ ይሄን የሚለው እሱ ብቻ አይደለማ። የሚያበሽቀኝ ግን የሚያጨበጭቡት ራሳቸው ተሰዳቢዎቹ መሆናቸው ነው፤ ለዚያውም መግቢያ ከፍለው።

ቀላሏን እናስቀድም፣ የ11 ሰዓቷን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት ሀብታም የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ቦሌ ላይ ያለው ፎቅ ሁሉ የታክሲ ረዳት ንብረት በሆነ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነው። አትክልት ለማንሳት ኃይሌ ጋርመንት የምትወርደው የጉልት ነጋዴም መንገድ ላይ ናት። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ሁሉ 11 ሰዓት ይነሳል፤ ለስኬት ሳይሆን ለአውቶቡስ ሰልፍ። ሰልፉ ላይ ቆሞ የቴሲሱን ቻፕተር ሦስት ይጻፍ? ይሄን ምክር የሚሰጠን ሰው ምናልባት በዚያ ሰዓት ከቤት ወጥቶ ከተማውን አይቶት አያውቅም።

ወደ ዋናው ልምጣ። "ያልጨረሰ ያልፈለገ ነው።" እሺ፣ እነዚህ የተወቀሱት ልጆች እነማን ናቸው? ቀን መሥሪያ ቤት ውለው ማታ ክፍል የገቡ፣ ቅዳሜና እሑዳቸውን የሰጡ፣ ኮርሱን አንድ በአንድ ያለፉ ሰዎች ናቸው። ሚድ ነበር፣ ተቀመጡ። አሳይመንት ነበር፣ እያዛጉም ቢሆን አስረከቡ። ልጅ ታሞባቸው፣ መብራት ጠፍቶባቸው፣ በስልክ ባትሪ አጥንተው ፋይናል ገብተዋል። ከዚያ ኮርሱ አለቀና ቴሲስ ላይ ቆሙ። እና በአንድ ክረምት ሁሉም ሰነፍ ሆነው ተነሱ?

ፍላጎታቸውማ እንዳለ ነው። የጠፋባቸው ቀኑ ነው። ክፍል ሳሉ "ሐሙስ 12 ሰዓት" የሚባል ነገር ነበር። ስም የሚጠራ መምህር ነበር። "የኛ ፓርት አልቋል፣ ያንተስ የት አለ?" ብላ የምትደውል የግሩፕ ጓደኛ ነበረች። ቴሲስ ላይ ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ ድራሹ ይጠፋል። አማካሪው "ጻፍና አምጣ" ይላል። መቼ? "ስትጨርስ።" ስትጨርስ የሚባል ቀን ደግሞ በእኛም በፈረንጅም ካላንደር ላይ የለም።

አሁን እቁብን ተመልከቱ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ስለማላውቅ ትንሽ ብቆይበት ፍቀዱልኝ። ያው ቴሲሱ ላይ የተኛው ሰውዬ መሥሪያ ቤት እቁብ አለው። በየወሩ ይጥላል። ደሞዝ ቢዘገይ ተበድሮ ይጥላል። ለቅሶ ቢቀመጥ በሰው ይልካል። ይሄንኑ ሰው "ባንክ ደብተር አውጣና በየወሩ ይሄን ያህል አስቀምጥ" በሉት፤ ሁለተኛው ወር ላይ ያቆማል። ባንኩ እኮ ወለድ ይሰጣል። እቁብ አንዲት ሳንቲም አይጨምርም፤ እንዲያውም በዚህ የዋጋ ንረት ዕጣው መጨረሻ የሚወጣለት ሰው ይከስራል። በሒሳብ ከሆነ ባንኩን መምረጥ ነበረበት። ግን ባንኩ አይደውልለትም። የእቁቡ ዳኛ ይደውላል። ጸሐፊዋ ከስሙ ትይዩ ያለውን ባዶ ቦታ ታያለች። የዚህ ወር ባለዕጣ ገንዘቡን ለልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ቆርጦ ጠብቋል፤ የሱ ድርሻ ከጎደለ ነገ ጠዋት ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ቀድሞ ከበላ ደግሞ ዋስ ጠርቷል፤ እሱ ቢጠፋ የሚያዘው ዋሱ ነው።

ይሄን ነገር ያበጁት ሰዎች ሳይኮሎጂ አልተማሩም፣ የሰውን ጠባይ ግን አብጠርጥረው ያውቁ ነበር። ሰው ለራሱ የገባውን ቃል ሲያጥፍ ምንም አይመስለውም፤ ለሌላው የገባውን ሲያጥፍ ግን ዓይኑን ይሰብራል። ስለዚህ ፍላጎት የሚባለውን ነገር አላመኑትም። የትኛውም የእቁብ ዳኛ ተነስቶ "ለመሆኑ ዘንድሮ የመቆጠብ ተነሳሽነታችሁ እንዴት ነው?" ብሎ አያውቅም። ቀኑን ቆረጡ፣ መጠኑን ቆረጡ፣ ቅጣቱንና ዋሱን ጻፉ፣ በቃ። እድሩም እንዲሁ ነው፤ የቀረ ይቀጣል። ገበሬውም ወንፈል ሲገባ ዛሬ የኔን ነገ ያንተን እየተባባለ ያጭዳል፤ ዛሬ ሙዴ አይደለም ብሎ የሚቀር የለም፣ ቢቀር የሱ ማሳ ተራ ሲደርስ ማን ይመጣለታል?

ጾምንም አስቡት። "ዳይት ጀምሬያለሁ" ብሎ ሦስት ቀን የማይዘልቅ ሰው ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሥጋም ወተትም ሳይነካ ይወጣዋል። ጎረቤቱ ደግሞ ረመዳንን ሙሉ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ይውላል። እምነት ነው ትሉኝ ይሆናል፣ ነው። ግን ቤተ ክርስቲያን ለምን "ስሜቱ ሲመጣላችሁ 55 ቀን ጹሙ" አላለችም? ቀኑን ቆርጣ ሁሉንም በአንድ ላይ አስገባች፤ ሉካንዳ ቤቱ ሳይቀር ይዘጋል። እንግዲህ ይሄ ሕዝብ ነው አዳራሽ ውስጥ ዲሲፕሊን የለህም የሚባለው!

ጥናት ካልተጠቀሰ የማያምን ሰው ካለ፣ አለ። የሰውን ባሕርይ የሚያጠኑት ዳን አሪዬሊና ክላውስ ቨርተንብሮክ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ሥራ ላይ ሰዎች ሦስት ጽሑፎች እያነበቡ ስህተት እንዲለቅሙ ተደረገ። አንዱ ቡድን በየሳምንቱ አንድ እንዲያስረክብ ከላይ ቀን ተቆረጠለት። ሌላው የራሱን ቀን ራሱ ቆረጠ። ሦስተኛው መጨረሻ ላይ አንድ ላይ እንዲያመጣ ተባለ። ብዙ ስህተት የለቀሙትና ትንሽ የዘገዩት በየሳምንቱ የተጠየቁት ናቸው። የራሳቸውን ቀን የቆረጡት መሃል ላይ ሆኑ። እስከ መጨረሻው የተለቀቁት ከሁሉም ባሱ። በጣም የምወዳት ነገር ግን ይቺ ናት፤ ሥራውን ከሁሉም ያነሰ የወደዱት እነዚያው ከሁሉም የበለጡት ነበሩ። ሳይወዱትም ጨረሱ። አሪዬሊ በኋላ በሌላ ጥናት ዳታው የተፈበረከ ነው ተብሎ ስሙ ተነስቷል፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ያ ጽሑፍም ተሰርዟል፣ አውቃለሁ። ይሄ የ2002ቱ ግን ሌላ ሥራ ነው። ለነገሩ እቁብ ያየ ሰው የአሜሪካ ተማሪ ምስክርነት አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። በየመብራት ምሰሶው ላይ "ቴሲስ እናማክራለን" የሚል ወረቀት ተለጥፎ አይታችኋል አይደል? ቴሌግራሙማ ሞልቷል። ምክር ይባል እንጂ በብር ጽፎ መስጠት ነው፤ ማጭበርበር ነው፣ አላደንቃቸውም። ግን ተማሪው እዚያ ሲሄድ የሚያገኘውን ልብ በሉ። "ቅዳሜ ቻፕተር አንድ ይደርስሃል" ይሉታል፣ ቅዳሜ ይደውሉለታል። "ዳታውን እስከ ማክሰኞ ላክ" ይሉታል፣ ይልካል። በሦስት ዓመት ያላለቀው በሁለት ወር ያልቃል። ዩኒቨርሲቲው በነጻ መስጠት የነበረበትን ነገር፣ ማለትም ቀንና የሚጠይቅ ሰው፣ እነሱ ይሸጡታል። አነቃቂውም አዳራሽ ተከራይቶ ተማሪውን ይሰድብበታል።

"ለራሳችሁ አትራሩ" ደግሞ የባሰ ነው። ካናዳ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት አለ፤ ለመጀመሪያው ፈተና ጥናታቸውን ሲያዘገዩ ከርመው ራሳቸውን ይቅር ያሉ ተማሪዎች ለሁለተኛው ያዘገዩት ያነሰ ነው። ይገባል። ቴሲሱን ያልጨረሰ ሰው ላፕቶፑን ሲከፍት የሚታየው ቻፕተር ሦስት አይደለም። የሚታየው እናቱ "መቼ ነው የምትመረቀው?" ስትለው፣ ከሱ በኋላ የገባው ልጅ ጋውን ለብሶ ፌስቡክ ላይ ሲስቅ፣ "እንኳን ደስ አለህ" ብሎ የጻፈለት እሱ ራሱ ነው። ዘግቶት ይወጣል። ሰው የሚሸሸው ከሥራው ይልቅ ሥራው ላይ ከተከመረው እፍረት ነው። አንተ መጥተህ ሌላ እፍረት ትጨምርበታለህ። ለዚያውም በማይክ።

ሰነፍ ሰው የለም አልልም። አለ። ከሚወራው ግን በጣም ያነሰ ነው፤ ሰነፍ የተባለውን ሁሉ ሄዳችሁ ብትጠይቁት የእቁብ ዳኛ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ታዲያ ምን ይሁን ለምትሉኝ፣ ነገሩ አነቃቂ አይፈልግም። ቴሲስ የቀረባችሁ አምስት ስድስት ሰዎች ተሰብሰቡ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ የምትገናኙበት አንድ ላይብረሪ ቁረጡ። ዳኛ ምረጡ። እያንዳንዱ ሦስት ገጽ ይዞ ይምጣ፣ መጥፎም ቢሆን። ያላመጣ ይቀጣ፣ የሚያንገበግብ ብር ይሁን። በመሃሉ ደግሞ "በዚህ ሳምንት እጽፋለሁ" አትበሉ፤ "ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ እዚያችው ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ሰዓት" በሉ። ጀርመን ውስጥ ጎልዊትዘርና ብራንድሽቴተር የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን የገና ዋዜማን እንዴት እንዳሳለፉ በበዓሉ ሰሞን ጽፈው እንዲልኩ አድርገው ነበር። መቼና የት እንደሚጽፉ አስቀድመው የወሰኑት ወደ ሦስት አራተኛው ጻፉ። ካልወሰኑት የጻፈው አንድ ሦስተኛው ገደማ ነው። ልጆቹ ያው ዓይነት ልጆች ናቸው፣ በዓሉም ያው።

ዲፓርትመንቶቹስ? ተማሪው በዘገየ ቁጥር የማራዘሚያ ክፍያ ማስከፈሉን ያውቁበታል። ረቂቅ ወስዶ አራት ወር ሙሉ ድምፁን የሚያጠፋ አማካሪስ ምን ይከፍላል? ኮሜንት በ15 ቀን ካልተመለሰ ተማሪው ወዲያው ሌላ አማካሪ ይመደብለት፣ የቀድሞው ስምም ቦርድ ላይ ይለጠፍ። ይሄን ለመወሰን አንድ ስብሰባ ይበቃል። እስካሁን ግን አማካሪዎችን አዳራሽ ሰብስቦ "ያላረመ ያልፈለገ ነው" ያለ አነቃቂ አልሰማሁም።