እኔ አንተን ብሆን

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ተቀምጬ በወረቀት ኩባያ የቀረበልኝን ሻይ ገና አፌ ሳላደርሰው፣ ከጎኔ ያለው ወዳጄ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «እኔ አንተን ብሆን ፍሎሪዳ ነበር የምሄደው» አለኝ። ይህ ሰው ሚኒሶታ ከገባ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በምሥራቅ ከዊስኮንሲን፣ በደቡብ ከአዮዋ ወዲያ መሄዱን አላውቅም፤ ከፍሎሪዳ ጋር ያለው ትውውቅም በካርቶን ታሽጎ ከሚመጣው የብርቱካን ጭማቂ አያልፍም። ቢሆንም ስለ ባሕሩ ዳርቻ፣ ስለ ማረፊያ ቦታዎች ኪራይ፣ ስለ አዞዎቹ ጠባይ ጭምር ሩብ ሰዓት ሙሉ አስረዳኝ። እኔ የጠየቅሁት ስኳር እንዲያቀብለኝ ብቻ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ግንቦት ጡረታ ስወጣ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ በመጨረሻ ለራሴ ልንዳ ብዬ፣ ዘጠኝ ሜትር የሚረዝም፣ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ ያለው ያገለገለ አርቪ፣ ማለትም እንደ ቤት የሚታደርበት መኪና፣ ገዛሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለውን የሚኒሶታ ብርድ ከባለቤቴ ጋር ሞቃት ስፍራ ላይ ቆሞ ማሳለፍ። አሜሪካውያን ጡረተኞች ይህን ከማዘውተራቸው የተነሣ «የበረዶ ወፎች» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ስሕተቴ መኪናውን መግዛቴ ሳይሆን መግዛቴን መናገሬ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከስምንት የማያንሱ ሰዎች የት መሰንበት እንዳለብኝ ወስነውልኛል፤ ከስምንቱ አንዱም በአርቪ ውስጥ አንድ ሌሊት አድሮ አያውቅም። «እኔ አንተን ብሆን» የሚል ሰው፣ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ እኔን መሆን ከቶ አይፈልግም። የደም ግፊቴን፣ የጉልበቴን ቁርጥማት፣ የመኪናውን ዕዳ አይወስድልኝም፤ የሚፈልገው መሪዬን ብቻ ነው።

ለመካሪ የተጋለጥሁት እኔም መወሰን ስላቃተኝ መሆኑን አልክድም። ልጅ ሳለሁ እናቴ ደብረ ብርሃን ገበያ ይዛኝ ስትወጣ ከሸንኮራው እስከ በግ ጠቦቱ ያየሁትን ሁሉ ስመኝ «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ትለኝ ነበር። ይህን ተረት እወደዋለሁ፤ በአራት ቃል የሰውን ልጅ የገበያ ጠባይ ጨርሶታል። ዛሬም የአሜሪካን ካርታ ገበታ ላይ ዘርግቼ ጠዋት ፍሎሪዳ፣ ቀን ቴክሳስ፣ ማታ አሪዞና ስል እናቴን አስታውሳታለሁ። ባለቤቴ ግን ተረቱን አትወደውም። ሁሉ የሚያምራት ሴት ሆና የተፈረጀችበት ምክንያት እንዲነገራት ትጠይቃለች፤ ዘጠኝ ሜትር የሚረዝም መኪና ያማረው ማን እንደ ሆነ ደጅ ወጥታ ማየት ብቻ ይበቃታል። በዚህ ጉዳይ እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም።

ለማንኛውም ካርታውን በቁም ነገር መመርመሬ አልቀረም። አንዱ መካሪዬ ፍሎሪዳን እንዳልሞክር አስጠነቀቀኝ፤ ምክንያቱም «ማዕበሉ ይወስድሃል»። የአትላንቲክ የማዕበል ወቅት ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጨረሻ መሆኑንና እኔ የምሄደው ወቅቱ ሊያበቃ ሲል መሆኑን ብነግረው፣ እርሱ ቴሌቪዥን ላይ ያየውን እኔ ልክደው የፈለግሁ ያህል ተቀየመኝ። ሌላው በደቡብ ቴክሳስ የሪዮ ግራንዴን ሸለቆ መረጠልኝ፤ እውነትም የብርቱካንና የሎሚ አገር ነው፤ በየዓመቱ ከሰሜን የሚወርዱትን ጡረተኞች የአገሬው ሰው «ዊንተር ቴክሳንስ» ብሎ በክብር ይቀበላቸዋል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ብርዱ እስከ ሜክሲኮ ድንበር ወርዶ ሚሊዮኖች መብራት አጥተው ሲንቀጠቀጡ ከዚህ ሆኜ አይቻለሁ፤ ብርድ ሸሽቶ ሄዶ ብርድ የጠበቀው ሰው ደግሞ ሲመለስ ለመካሪዎቹ የሚሰጠው መልስ የለውም።

ሦስተኛው መካሪ ነው ያናደደኝ። «አሪዞና በረሃ ነው፤ የትም ሂድ ይሞቅሃል፤ እኔ አንተን ብሆን ፍላግስታፍ ነው» አለ። ፍላግስታፍ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ በየዓመቱ በረዶ የሚከመርባትና የበረዶ መንሸራተቻ ያላት ከተማ ናት። አሜሪካዊ ቢሆን ይቅር ባልኩት፤ እነርሱ ሙቀትን የሚፈልጉት በካርታ ላይ ወደ ታች በመውረድ ነው። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እየተባለ ያደገ ኢትዮጵያዊ ግን ይህን ሊሳሳት አይገባውም ነበር። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር የምትጠጋ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ ናት፤ ፋብሪካው ያለ ምክንያት እዚያ አልሄደም። ከዚያ ተነሥተህ ጣርማ በርን አልፈህ፣ በደብረ ሲና ቁልቁለት ወርደህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ጋቢህን አጣጥፈህ ሸሚዝህን ትፈታለህ። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ከደብረ ብርሃን በስተ ሰሜን ነው! ሙቀት ያለው በደቡብ ሳይሆን በታች መሆኑን የእኛ አገር ነጋዴ በአህያ ሲመላለስ ያውቀው ነበር፤ አንድ ሺህ ሜትር ስትወርድ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ትሞቃለህ። ስለዚህ አሪዞና ውስጥ የሚመረጠው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ የማትለው ዩማ፣ አለዚያም ከሦስት መቶ ሜትር በታች ያለችው ኳርትዝሳይት ናት። ይህን ለመካሪዬ ባስረዳው «አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ» ብሎኝ ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ቂም ልናገር። ወደዚህ አገር የገባሁት እ.ኤ.አ. በጥር 1996 መጨረሻ ነው። በስስ ኮትና ባለ ጠፍጣፋ ሶል ጫማ ከአውሮፕላን ወርጄ በሩ ሲከፈት የአፍንጫዬ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ተሰነጣጠቀ። ሊቀበለኝ የመጣው ሰው እጄን ጨብጦ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል «አይዞህ፣ ይለመዳል፤ የደብረ ብርሃን ልጅ አይደለህ?» የሚል ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ የካቲት 2፣ በሰሜን ሚኒሶታ ታወር በምትባል ከተማ ከዜሮ በታች 60 ፋራናይት ተመዘገበ፤ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 51 ማለት ነው። የግዛቲቱ የምንጊዜም ክብረ ወሰን ሆኖ እስከ ዛሬ አልተሻረም። እኔ ያን ቀን አፓርታማ ውስጥ በመንዝ ባና ተጠቅልዬ «ይለመዳል» የሚለውን ቃል ስመረምር ዋልሁ። ምን ማለት ነው? ማን ለመደው? እርሱ ራሱ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሥራ እየሮጠ የሚኖር ሰው ነው። ሃያ ሰባት ክረምት የአውቶቡስ በር በየፌርማታው እየከፈትሁ ብርዱን ስቀበል ኖሬ አልለመድሁትም፤ ሊለመድ የማይገባ ነገር መሆኑን ግን ተረድቻለሁ። ያ «ይለመዳል» ያለኝ ሰው ደግሞ ሌላ አይደለም፤ ባለፈው እሑድ ስኳር እስኪያቀብለኝ ድረስ ፍሎሪዳን ያስጎበኘኝ ሰው ነው። በ1996 ከሻንጣዬ ጋር ወዲያውኑ ወደ ሞቃት አገር ቢመራኝ ዛሬ ምክሩን እሰማው ነበር።

ቋንቋችንም አልረዳኝም። አዲስ አበባ ላለችው እኅቴ ስልክ ደውዬ «ክረምቱን ለማሳለፍ ሞቃት ቦታ እየፈለግሁ ነው» ስላት «ክረምቱማ አለፈ እኮ፤ መስቀልም ወጣ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የእኛ ክረምት በሰኔ ገብቶ በመስከረም የሚወጣው የዝናቡ ወራት ነው፤ እኔ የምሸሸው ጊዜ በእርሷ ዘንድ በጋ ነው፤ ገና የሚጨፈርበት፣ ጥምቀት የሚወጣበት፣ ሠርግ በሠርግ ላይ የሚደረብበት የፀሐይ ጊዜ። የአውሮፓ ሽመላዎች እንኳ ይህን አውቀው በየዓመቱ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይመጣሉ። እኅቴም ወዲያው «ታዲያ ለምን እኛ ጋ አትመጣም?» አለች፤ ይኸው ዘጠነኛዋ መካሪ። ነገሩ ልብ ይነካል፤ ሆኖም አርቪው በአትላንቲክ ላይ አይነዳም፣ አገር ቤት ለዕረፍት የሄደ ሰውም እንደሚያርፍ አልሰማሁም። ከዚህ በፊት ለሁለት ወር ሄጄ አሥራ አንድ ሠርግ በልቼ፣ ሰባት ለቅሶ ደርሼ፣ «እኛ ቤት ሳትበላማ አትሄድም» ከተባልሁባቸው ቤቶች ግማሹን ሳልጨርስ ተመልሻለሁ። ያኔ የቀየመችኝ የአክስቴ ልጅ ዛሬም አልታረቀችኝም።

ከቦታዎቹ ሁሉ ልቤ ያረፈባት ኳርትዝሳይት ናት፤ ለምን እንደ ሆነ ሳስረዳ ግን ሰው ይስቅብኛል። ቋሚ ነዋሪዎቿ ሦስት ሺህ የማይሞሉ የበረሃ ከተማ ስትሆን፣ በብርዱ ወራት ዙሪያዋ ሜዳው እስኪጠፋ ድረስ በአርቪ ይሸፈናል። አጠገቧ ላ ፖሳ በሚባለው የፌደራል መንግሥት መሬት ላይ ከመስከረም 15 እስከ ሚያዝያ 15፣ በእነርሱ አቆጣጠር፣ በአንድ ፈቃድ ሰባት ወር መቀመጥ ይቻላል፤ ክፍያው ለብዙ ዓመታት 180 ዶላር ነበር። ውኃ መቅጃና ፍሳሽ መድፊያ አለ፤ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ግን የለም፤ መብራትህን ከፀሐይ ሰሌዳህ ትለቅማለህ። እኔን የሳበኝ ግን በከተማዋ መቃብር ያለው፣ አናቱ ላይ የመዳብ ግመል የቆመበት የድንጋይ ፒራሚድ ነው። የተቀበረው እ.ኤ.አ. በ1902 የሞተው ሃጂ አሊ የሚባል ግመል ነጂ ነው። የአሜሪካ ጦር በ1850ዎቹ በረሃውን በግመል ለመሻገር ሲሞክር ግመሎቹን የሚያውቅ ሰው ከባሕር ማዶ አስመጣ፤ ወታደሮቹ ስሙን መጥራት ቢያቅታቸው «ሃይ ጆሊ» አሉት፤ መቃብሩም ላይ በዚሁ ስም ተጻፈ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አለቆቼ በሦስት ዓይነት አጠራር የጠሩኝ እኔ ለዚህ ሰው ልዩ ዝምድና ይሰማኛል። ደግሞም ስለ በረሃ የመከረው ግመሉን እየመራ አብሮ ተጉዞ ነው፤ በወረቀት ኩባያ ሻይ እየጠጣ አይደለም።

ባለቤቴ ግን ስለ ግመሉ ሰምታ ሦስት ጥያቄ አቀረበች፤ ቤተ ክርስቲያን አለ ወይ፣ እንጀራ አለ ወይ፣ ሐኪም አለ ወይ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ላይ መካሪዎቻችን በአንድ ድምፅ «ላስ ቬጋስ!» ይላሉ፤ ሐበሻው ብዙ ነውና። እዚያ ግን ዕድሩም፣ ዕቁቡም፣ «እኔ አንተን ብሆን» የሚለውም እንዳለ ይጠብቀኛል፤ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ቤንዚን አቃጥዬ ወደዚያው አዳራሽ ለመግባት ከሆነ እዚሁ ብቀመጥ ይረክስልኛል። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ቀልድ አይደለም፤ ማንም መካሪ ያላነሣውም እርሱን ነው። ብዙዎቻችን ጥርስና መነጽር ይጨምርላችኋል ተብለን የተመዘገብንበት ሜዲኬር አድቫንቴጅ፣ ማለትም በግል ድርጅት በኩል የሚሰጠው የአረጋውያን የጤና መድን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በምንኖርበት አካባቢ ባሉ ሐኪሞች ዘንድ ነው፤ ከዚያ ውጭ ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ በስተቀር ሒሳቡ ወደ ኪስ ሊዞር ይችላል። በየትኛውም ግዛት ሜዲኬርን የሚቀበል ሐኪም ዘንድ የሚያስገባው በመንግሥት በቀጥታ የሚሰጠው የቀድሞው፣ ዋናው ሜዲኬር ነው። ስለዚህ የሞቃት ስፍራ ምርጫ የሚጀምረው ከአየር ጠባይ ትንበያ ሳይሆን ቦርሳ ውስጥ ካለችው ካርድ ነው። ጥርስን በተመለከተ ዩማ የሰፈሩ ጡረተኞች የራሳቸው ዘዴ አላቸው፤ መኪናቸውን ድንበሩ ላይ አቁመው በእግራቸው ወደ ሎስ አልጎዶኔስ ይሻገራሉ። ይህች የሜክሲኮ መንደር የጥርስ ሐኪም ከመብዛቱ የተነሣ «የመንጋጋ ከተማ» የሚል ቅጽል ወጥቶላታል። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ካርታው ጠጋ አለች።

እንግዲህ ዩማ ለመሄድ፣ መንገድ ላይ የሃጂ አሊን መቃብር ለማየት፣ በወር አንድ እሑድ ፊኒክስ ሄደን ቅዳሴ ለማስቀደስና እንጀራ ለመሸመት ተስማማን። ስምምነቱ የተደረሰው ግን ትናንት ማታ ነው፤ በዚህ መካከል ኅዳር ገብቶ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስምንት ወርዷል። ቧንቧው እንዳይፈነዳ የአርቪውን ውኃ አፍስሼ ያንን በረዶ የሚከላከል ሮዝ ፈሳሽ ከጨመርሁበት አሥር ቀን ሆነኝ፤ ብንነሣም ካንሳስን እስክናልፍ በጀሪካን ውኃ መጠቀማችን ነው። ከምክሩ ብዛት የመስከረምን ደረቅ መንገድ አሳለፍሁት ስል፣ ስለ እነዚያ ስምንት ሰዎች የጀመርሁትን ነገር ልጨርስ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ስልኬ ጮኸ። የፍሎሪዳው ሰው ነው።

«ገና አልሄዳችሁም?» አለኝ። ዩማ እንደ መረጥን ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «ለመሆኑ መኪናው ስንት ሰው ያስተኛል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሳላስብ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነገርኩት፤ አራት። ባለቤቴ ከማዕድ ቤት ቀና ብላ አየችኝ።

ይህን እየጻፍሁ ሳለ እንደ ገና እየደወለ ነው።