ለቀጠሮ ቀን ድሃ የቀረበ ውዳሴ

ድሬዳዋ ውስጥ የሚወደስ ነገር ሲነሳ ሁሉም ወደ ከዚራ ጥላና ወደ ባቡር ጣቢያው ይሮጣል። እኔ ዛሬ የማወድሰው ግን ማንም ያልዘመረለትን ባለሙያ ነው። ትዳሩ ፈርሶ የልጆች ቀለብ ሲጠየቅ፣ በቀጠሮው ጠዋት ድንገት ደህይቶ ችሎት ፊት የሚቆመውን አባት።

እንዲህ ያለ ድህነት ዝም ብሎ አይገኝም፣ ዝግጅት ይፈልጋል። ማታ ሳቢያን ሰፈር የጓደኞቹን ሒሳብ ሁሉ የዘጋው ሰውዬ ጠዋት የተበጠሰ ነጠላ ጫማ እየጎተተ ይመጣል። ትልቁ ስልክ ቤት ቀርቶ ቁልፎቹ የተፋቁ አሮጌ ሞባይል ኪሱ ገብቷል። ጺሙም አልተላጨም። ዳኛው «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲሉት መሬት መሬት እያየ «የቀን ሥራ ነው፣ እሱም ከተገኘ» ይላል። አቦ፣ ድሬ ላይ ቲያትር ጠፋ እያላችሁ የምታማርሩ፣ ችሎት ግቡ! በነጻ ነው።

ሁለቱ ባጃጆችስ? የወንድሙ ናቸው። ታይዋን ገበያ ያለው ሱቅስ? የአክስቱ ልጅ ነው፤ እሱ አንዳንዴ ቁጭ ብሎ ይጠብቅለታል እንጂ። የዘመድ ፍቅር ጠፋ የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያዩ ያፍሩ ነበር። ፍቺው በተሰማ ሳምንት ንብረቱን ለዘመድ አከፋፍሎ የጨረሰ ቸር ሰው ከየት ይመጣል? (ለልጆቹ ብቻ አልደረሳቸውም። እነሱም ዘመድ መሆናቸውን ረስቶት ይሆናል።)

ሕግ የማያውቅ እንዳይመስላችሁ። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የምትዳኘው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 213 ነው። ሕጉ ቀለብ የሚወሰነው የጠያቂው ችግርና የሰጪው አቅም ታይቶ ነው ይላል። ጀግናችን የልጆቹን ችግር መቀነስ እንደማይችል ስለገባው አቅሙን ቀነሰ።

ከተማዋም ታግዘዋለች። ደረሰኝ የማያውቀው ንግድ በሞላበት ገበያ የሰውን ገቢ ማን ያረጋግጣል? የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ምስኪን አባትማ ገና ደመወዙ ሳይደርሰው ቀለቡ ተቆርጦ ይሄዳል፤ እሱ ሙያ የለውም። የኛ ሰው ገቢ እንደ ደቻቱ ወንዝ ነው። ቀን ሊያይ የሄደ አሸዋ ብቻ አይቶ ይመለሳል፣ ሌሊት ሲመጣ ግን ድልድይ ይነቀንቃል።

ምስክርም አያጣም። አብረውት የሚቅሙ ወዳጆቹ ምለው ተገዝተው «ሥራ ፈት ነው» ይላሉ። አልዋሹም። እነሱ የሚያውቁት ከስምንት ሰዓት በኋላ ያለውን ሰውዬ ነው። የአወዳዩን ጫት ማን እንደገዛው የጠየቃቸው የለም።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የመጨረሻው ጥበብ ይመጣል፦ «እንግዲያው ልጆቹን እኔው ልውሰድ!» የወር ቀለብ አልችልም ያለው ሰው ሙሉ አሳዳጊነት ይጠይቃል። ሕጉ ልጆቹ ከማን ጋር ይኑሩ ለማለት የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም ይመረምራል፤ እናት ግን ያን ሁሉ ምርመራ የምትጠብቅበት ልብ የላትም። ደንግጣ የጠየቀችውን ብር ዝቅ ታደርጋለች። የአባትነት ፍቅሩም በዚያው ደቂቃ ይበርዳል። (በመጠየቂያ ቀን «ልጁ አሞታል» እያለች በር የምትዘጋ እናትም ውዳሴ ይገባታል። የእሷ ተራ ሌላ ጊዜ።)

ሽማግሌዎቻችንም አይረሱ። «ተይ ልጄ፣ ትንሽ ቀንሺለት፣ ልጅ እንደሆነ በዕድሉ ያድጋል» ይሏታል። ይህን ተረት በብር ፋንታ የሚቀበል ወፍጮ ቤት ካለ አድራሻውን ንገሩኝ። የተወሰነው ቀለብ ሳይከፈል ሲቀርም «ታገሺው» ነው። እሱም «በሚቀጥለው ወር አጠራቅሜ እሰጥሻለሁ» ይላታል፣ ትታገሳለች፤ ደግሞ ይላታል፣ ትታገሳለች። ሦስት ወር ሳይጠየቅ ያለፈ ቀለብ፣ ለኑሮዋ የግድ እንደሚያስፈልግ ካላስረዳች በቀር፣ ከዚያ በኋላ እንደማይከፈል እሱ ያውቃል፤ እሷ አታውቅም። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 658 ቀለብ የሚከለክልን ሰው በእስራት ይቀጣል፤ ግን አቤት ስትል ነው። የልጆቿን አባት ልታሳስር የሄደች ሴት ደግሞ ሰፈሩ ምን ስም እንደሚያወጣላት አሳምራ ታውቃለች። ለእሱ ስም ያወጣለት የለም።

በዓል ሲደርስ ግን አባት ነው! አዲስ ልብስ አልብሶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ «ልጆቼ ሕይወቴ» ብሎ ይለጥፋል። አስተያየት የሚሰጠው ሁሉ «አላህ ያሳድግልህ»፣ «እግዜር ይጠብቅልህ» ይለዋል። ማሳደጉን ለነሱ ትቶ እሱ ላይክ ይቆጥራል።

ትልቋ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንዳንዴ ከሁለቱ ባጃጆች አንዱ ይደርሳታል። ሾፌሩ ያውቃታል፣ በስሟ ይጠራታል፣ ሲያወርዳት ግን ሒሳብ ይቀበላታል። ምን ያድርግ? ባጃጁ የአጎቷ ነው።